ቅጥር፣ ስንብትና የሠራተኛ መብት በኤደን፦ የየመን የሥራ ሕግ ማንን ይጠብቃል?

የኤደን ከተማ የኮርማክሳር ወረዳ፣ ጥንታዊውን የክሬተር ሰፈር ከዋናው የብስ ጋር በሚያያይዘው ጠባብ መሬት ላይ ይገኛል። የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ፣ የጁምሁሪያ ሆስፒታልና የኤደን ዩኒቨርሲቲ ፋኩልቲዎች በዚሁ አካባቢ ናቸው። ይህን የመሰለ ሰፈር የሚያጸዳ፣ የሚያበስል፣ የሚጠብቅ፣ የሚሸከምና የሚገነባ ሰው ይፈልጋል። በዚህ ሥራ ከተሰማሩት መካከል ባሕር ተሻግረው የመጡ ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል፤ አንዳንዶቹ ከዓመታት በፊት መጥተው ቤተሰብ መሥርተዋል፣ ሌሎቹ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ለማለፍ አስበው መንገዱ ሲዘጋባቸው በዚያው የቀሩ ናቸው።

ከእነዚህ ሠራተኞች ብዙዎቹ የሥራ ስንብትን የሚያውቁት በአንዲት የዐረብኛ ቃል ነው፤ «ኸላስ»። አሠሪው ወይም መዳሟ «ኸላስ» ካሉ ሥራው አለቀ፣ የወሩ ደመወዝ ከተከፈለም እሰየው ተብሎ ይታለፋል። በሕግ ዓይን ግን ስንብት በአንድ ቃል የሚቋጭ ነገር አይደለም። በቂ ምክንያት ሊኖረው ይገባል፤ አስቀድሞ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ አለው፤ በመጨረሻም የሚሠራ ሒሳብ አለው። ችግሩ ይህ ጥበቃ ለሁሉም ሠራተኛ እኩል ያልተዳረሰ መሆኑ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ሠራተኛ «መብቴ ምንድን ነው?» ከማለቱ በፊት «እኔ በየትኛው ሕግ ሥር ነኝ?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

ሕጉና ዘመኑ

ኤደን የሠራተኛ መብት ጥያቄ አዲስ የሆነባት ከተማ አይደለችም። በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን ወደቧ በዓለም ላይ ብዙ መርከብ ከሚያስተናግዱት አንዱ ነበር። የትንሿ ኤደን ነዳጅ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1954 ሥራ ሲጀምር ደግሞ የደመወዝተኛው ቁጥር ይበልጥ አደገ። እ.ኤ.አ. በ1956 የኤደን የሠራተኛ ማኅበራት ኮንግረስ ተቋቋመ፤ የወደብና የማጣሪያ ሠራተኞች አድማም የከተማዋን የፖለቲካ መልክ እስከ መለወጥ ደርሷል።

ደቡብ የመን እ.ኤ.አ. በ1967 ነጻ ከወጣች በኋላ ሰሜኑና ደቡቡ በየራሳቸው ሕግ ሲተዳደሩ ቆዩ። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1990 ከተዋሐዱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የወጣው የሥራ ሕግ ቁጥር 5 የ1995 ነው። ይህ ሕግ ከዚያ ወዲህ በተለያዩ ጊዜያት የተሻሻለ ሲሆን፣ በግል ድርጅት ውስጥ በሚሠራ ሰውና በአሠሪው መካከል ያለውን ግንኙነት የሚገዛው ዋናው ሕግ እርሱ ነው። ጦርነቱ አገሪቱን ከከፈላት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ኤደን በዓለም አቀፉ ማኅበረሰብ ዕውቅና የተሰጠው መንግሥት ጊዜያዊ መቀመጫ ሆናለች፤ ሰንዓ በሁቲዎች እጅ ትገኛለች። በወረቀት ሕጉ አንድ ቢሆንም አስፈጻሚው ሁለት ሆኗል ማለት ነው። በመሆኑም አንድ ሰው በኤደን የያዘው ሰነድ በሰንዓ፣ በሰንዓ የያዘውም በኤደን ያለ ችግር ተቀባይነት ያገኛል ብሎ መተማመን አይገባም።

ከአገር ውስጡ ሕግ በላይ አንድ ዓለም አቀፍ ስምምነትም አለ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው ስለ ሥራ ውል መቋረጥ የሚደነግገው ስምምነት ቁጥር 158 ነው። የመን እ.ኤ.አ. በ1989፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በ1991 አጽድቀውታል። ስምምነቱ እንደሚለው ሠራተኛን ለማሰናበት ከችሎታው፣ ከጠባዩ ወይም ከድርጅቱ የሥራ ፍላጎት የመነጨ በቂ ምክንያት መኖር አለበት። ዘር፣ ቀለም፣ ጾታ፣ ሃይማኖት፣ የትውልድ አገር፣ እርግዝና፣ የማኅበር አባልነት ወይም በአሠሪ ላይ አቤቱታ ማቅረብ ለስንብት ምክንያት ሊሆኑ አይችሉም። ጥፋት ሠርቷል የተባለ ሰውም ከመባረሩ በፊት ራሱን የመከላከል ዕድል ሊሰጠው ይገባል። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመጣ ሠራተኛ በወጣበትም በደረሰበትም አገር ተቀባይነት ያገኘ አንድ የጋራ መመዘኛ ያለው መሆኑ ጥቂት ሰዎች የሚያውቁት ነገር ነው።

ሕጉ የሚያቅፈውና የሚተወው

የ1995ቱ ሕግ በመሠረቱ በአሠሪ መሪነትና ቁጥጥር ሥር በደመወዝ የሚሠራን ሰው ይሸፍናል። የሆቴል አስተናጋጅ፣ የዳቦ ቤት ሠራተኛ፣ የሆስፒታል ጽዳት፣ የድርጅት ጥበቃ፣ የመጋዘን ሠራተኛ፣ የግንባታ ኩባንያ ቋሚ ሠራተኛ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ከሕጉ ውጭ ከተደረጉት ደግሞ የመንግሥት ሠራተኞች፣ የጦር ኃይልና የፖሊስ አባላት የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው ብዙ አያሳስቡም። አሳሳቢዎቹ ሌሎቹ ናቸው። የቤት ሠራተኞችና መሰሎቻቸው፣ ከአሠሪው መደበኛ ተግባር ውጭ ለሆነ አጭር ሥራ የሚጠሩ አጋጣሚ ሠራተኞች፣ እንዲሁም አብዛኞቹ የእርሻና የከብት ጥበቃ ሠራተኞች ከሕጉ ጥላ ውጭ ናቸው።

ይህን ዝርዝር ላስተዋለ ሰው አንድ ነገር ግልጽ ይሆንለታል፤ ሕጉ የተዋቸው ሥራዎች በኤደን ባሕር ተሻግሮ የመጣው ሰው በብዛት የሚገባባቸው ናቸው። በመንገድ ዳር ቆሞ የዕለት ሥራ የሚጠብቀው ወጣት፣ መኪና የሚያጥበው፣ በሰው ቤት የምታድረው እኅት ሁሉም ከጥላው ውጭ ናቸው። ይህ በየመን ብቻ የሚታይ አይደለም። በኢትዮጵያም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም።

ሆኖም የሥራው ስም ብቻውን ጉዳዩን አይወስነውም። በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ክፍል የምታጸዳ ሴት አሠሪዋ «የቤት ሠራተኛ» ብሎ ቢጠራትም፣ ሥራዋ ለንግድ ድርጅት የሚሰጥ አገልግሎት እንጂ የአንድ ቤተሰብ የቤት ውስጥ ሥራ አይደለም። በየቀኑ ለአንድ ምግብ ቤት ዕቃ የሚያመላልስ ሰውም ለወራት ያለማቋረጥ ከሠራ አጋጣሚ ሠራተኛ ነው ማለት ያስቸግራል። አሠሪዎች በእንዲህ ያለው የስም ጨዋታ መጠቀማቸው የተለመደ ስለሆነ፣ አቤቱታ አቅራቢው የሠራውን ሥራ በዝርዝር መግለጹ የሥራ መደቡን ስም ከመጥራቱ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

የውጭ አገር ዜጋ ከሆነ ደግሞ ሌላ ቅድመ ሁኔታ አለ። ሕጉ የውጭ ዜጋ ያለ ሥራ ፈቃድ እንዳይሠራ ይከለክላል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የማኅበራዊ ጉዳዮችና የሥራ ሚኒስቴር ነው። ከዚህም በተጨማሪ ኢቃማ ያስፈልጋል። የመን የ1951ዱን የስደተኞች ስምምነት ካጸደቁ ጥቂት የአካባቢው አገሮች አንዷ ስትሆን፣ ስምምነቱን የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ለሶማሊያ ዜጎች የስደተኝነት ዕውቅና በጅምላ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ኢትዮጵያውያን ግን በግል አመልክተው ጉዳያቸው አንድ በአንድ መታየት አለበት። የስደተኛ ወረቀትና የሥራ ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው መዘንጋት የለበትም።

ፈቃድ የሌለው ሰውስ ለሠራበት አይከፈለውምን? ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 143፣ ያለ ሕጋዊ ወረቀት የሠራ ሰውም ቀድሞ ለሠራበት ጊዜ ደመወዙን የማግኘት መብቱ እንዲጠበቅለት ይደነግጋል። የመን ይህን ስምምነት አላጸደቀችም። ይሁን እንጂ ሐሳቡ ቀላልና ፍትሐዊ ነው፤ ጉልበቱን ተጠቅሞ ሲያበቃ «ወረቀት የለህም» ብሎ ደመወዝ የሚከለክል አሠሪ ከራሱ ጥፋት ትርፍ እያገኘ ነውና። ያለ ፈቃድ መቅጠር የአሠሪውም ጥፋት እንደሆነ በድርድር ላይ ማስታወስ ይቻላል።

ወረቀት የሌለው ውል

ብዙ ሠራተኞች «ውል ስላልፈረምኩ መብት የለኝም» ብለው ያምናሉ። ይህ ስሕተት ነው። በየመን ሕግ የሥራ ውል በቃልም ሊሆን ይችላል። በጽሑፍ ሲደረግ ሦስት ቅጂ ይዘጋጃል፤ ዋናው ለሠራተኛው፣ አንዱ ለአሠሪው፣ አንዱ ለሥራ ጽሕፈት ቤት። የጽሑፍ ውል ከሌለ ደግሞ ሠራተኛው መብቱን በማናቸውም ዓይነት ማስረጃ የማረጋገጥ ዕድል አለው።

«ማናቸውም ማስረጃ» የሚለው አነጋገር ሊናቅ አይገባም። ከአሠሪው ጋር በስልክ የተደረገ የጽሑፍ መልእክት፣ የድምፅ መልእክት፣ በሐዋላ ቤት የተላከ ደመወዝ ደረሰኝ፣ የድርጅቱ የደንብ ልብስና መታወቂያ፣ የፈረቃ ሰሌዳ ፎቶግራፍ፣ አብሮ የሠራ ባልደረባ ምስክርነት፣ ጎረቤት የሆነ ሱቅ ባለቤት ቃል ሁሉ ማስረጃ ናቸው። ደመወዝ በእጅ የሚቀበል ሰው በትንሽ ደብተር ላይ ቀኑንና መጠኑን ቢጽፍ፣ ከተቻለም የሚከፍለውን ሰው ቢያስፈርም፣ ያ ደብተር አንድ ቀን ዋጋ ያወጣል። ስልክ ሊጠፋ ወይም ሊቀማ ስለሚችል የመልእክቶቹን ቅጂ ለሚታመን ሰው መላክ ብልህነት ነው።

የሚፈረም ወረቀት ሲቀርብ ደግሞ የተጻፈው ሁሉ በዐረብኛ ስለሚሆን ሳያነቡ መፈረም ከባድ ጉዳት ያመጣል። በተለይ መፈራት ያለበት «መብቴን ሁሉ ተቀብያለሁ፤ ምንም የምጠይቀው የለም» የሚል ማረጋገጫ ነው። አንዳንድ አሠሪዎች ይህን ወረቀት ገና በቅጥሩ ቀን ከሌሎች ሰነዶች ጋር ቀላቅለው፣ ቀኑን ባዶ ትተው ያስፈርማሉ። ቀን ያልተጻፈበት ወረቀት ላይ አለመፈረም፣ ወይም ከፊርማው አጠገብ ቀኑን በራስ እጅ መጻፍ ይህን ወጥመድ ያመክናል።

የሙከራ ጊዜ በየመን ሕግ ከስድስት ወር አይበልጥም። በአንድ አሠሪ ዘንድ በአንድ ዓይነት ሥራ ሁለት ጊዜ ሙከራ ላይ መቀመጥም አይፈቀድም። በስድስተኛው ወር «እንደገና እንሞክርህ» የሚባል ነገር ስለዚህ ሕጋዊ መሠረት የለውም። ለማነጻጸር ያህል በኢትዮጵያ የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀናት ነው።

ደመወዙ በየትኛው ገንዘብ?

ይህ ጥያቄ በሌላ አገር ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ በኤደን ግን ከደመወዙ መጠን ያላነሰ ነው። ከጦርነቱ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በ215 የየመን ሪያል ገደማ ይመነዘር ነበር። ኤደን ውስጥ ከ2000 ሪያል በላይ የተመነዘረበት ጊዜ ደርሷል። በሁቲዎች ይዞታ ሥር ባሉ አካባቢዎች ደግሞ የምንዛሪው ዋጋ ፍጹም የተለየ ነው፤ በስም አንድ የሆነው ሪያል በሁለቱ ወገን ሁለት ገንዘብ ሆኗል። በሪያል የተዋዋለ ሠራተኛ ደመወዙ ሳይቀነስበት ኑሮው ይቀነስበታል ማለት ነው።

በመሆኑም በውሉ ላይ መጠኑ ብቻ ሳይሆን የገንዘቡ ዓይነት መጻፍ አለበት፤ የኤደን ሪያል ይሁን፣ የሳዑዲ ሪያል ወይም ዶላር። በየስንት ጊዜው እንደሚከለስም ከተቻለ ቢጠቀስ መልካም ነው። በስንብት ጊዜ ሁሉም ክፍያ የሚሰላው በደመወዙ ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ፣ እዚህ ላይ የተደረገ ቸልተኝነት መጨረሻ ላይ እጥፍ ሆኖ ይመጣል።

ሰዓትና ዕረፍት

በዚህ ረገድ ሕጉ ግልጽ ነው። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ሲሆን፣ በረመዳን ወር በቀን 6፣ በሳምንት 36 ሰዓት ይሆናል። የትርፍ ሰዓት በመደበኛ ቀን በአንድ ተኩል፣ በሌሊት፣ በሳምንት ዕረፍትና በበዓል ቀን በእጥፍ ይከፈላል። የዓመት ፈቃድ 30 ቀን ነው። ለታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት በሙሉ ደመወዝ ሲሆኑ፣ ከዚያ በኋላ ክፍያው እየቀነሰ ይሄዳል። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከስድስተኛው ወር ጀምሮ በቀን ከአምስት ሰዓት በላይ እንድትሠራ አይፈቀድም፤ የወሊድ ፈቃድም እ.ኤ.አ. በ2008 በተደረገው ማሻሻያ 70 ቀን ሆኗል።

ስንብት

ሕጉ አሠሪው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት የሚችልባቸውን ምክንያቶች ለይቶ ያስቀምጣል። ሐሰተኛ ማንነት ወይም የተጭበረበረ ሰነድ ማቅረብ፣ ክብርን በሚነካ ወንጀል በፍርድ ቤት መቀጣት፣ በሥራ ላይ ሰክሮ ወይም አደንዛዥ ዕፅ ወስዶ መገኘት ከእነዚህ መካከል ናቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ በተከታታይ 15 ቀን፣ ወይም በተቆራረጠ ሁኔታ 30 ቀን ያለ በቂ ምክንያት የቀረም በዚህ ይካተታል። የመቅረቱ ጉዳይ ልብ ሊባል ይገባዋል። በኬላ ተይዞ ለቀናት የታሰረ ወይም ታሞ የተኛ ሰው «ጠፋ» ተብሎ እንዳይመዘገብበት በተቻለው መንገድ ሁሉ፣ በጓደኛም ቢሆን፣ ለአሠሪው ማሳወቅና የላከበትን ማስረጃ መያዝ አለበት።

ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ የሚደረግ ስንብት ሌላ ነው። ሥራው ሲቆም፣ የሠራተኛ ቅነሳ ሲያስፈልግ፣ ሠራተኛው በጤና ምክንያት ለሥራው ብቁ ሳይሆን ሲቀር ወይም የጡረታ ዕድሜው ሲደርስ የሚፈጸም ነው። የማስጠንቀቂያው ርዝመት ደመወዙ ከሚከፈልበት ጊዜ ጋር የተያያዘ ነው። በወር ለሚከፈለው 30 ቀን፣ በየ15 ቀኑ ለሚከፈለው 15 ቀን፣ በሳምንት፣ በቀን፣ በሰዓት ወይም በሥራ ውጤት ለሚከፈለው አንድ ሳምንት ነው። አሠሪው ወዲያው እንዲወጣ ከፈለገ የማስጠንቀቂያውን ጊዜ ደመወዝ ከፍሎ ማሰናበት ይችላል። ሠራተኛውም በፈቃዱ ሲለቅ ይኸው የማስጠንቀቂያ ግዴታ አለበት፤ ይህን ሳያደርግ ጥሎ መሄድ በሒሳቡ ላይ ቀዳዳ ይከፍታል። ነገር ግን አሠሪው በሥራው ሁኔታ ላይ ካታለለው፣ ከደበደበው፣ ነውር ከፈጸመበት ወይም ደመወዙን ካልከፈለው ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ የመልቀቅ መብት አለው።

ስንብት ፈጽሞ የማይፈቀድባቸው ጊዜያትም አሉ። ሠራተኛው በፈቃድ ላይ እያለ፣ ወይም በእርሱና በአሠሪው መካከል የተነሣ ክርክር እየታየ ባለበት ጊዜ፣ ይህ ጊዜ ከአራት ወር እስካልበለጠ ድረስ፣ ማሰናበት የተከለከለ ነው።

በቂ ምክንያት ሳይኖር የተሰናበተ ሠራተኛ ከሌሎቹ ክፍያዎች በተጨማሪ ካሳ ይገባዋል። የካሳው መጠን ጉዳዩን በሚመረምረው አካል የሚወሰን ሆኖ ከስድስት ወር ደመወዝ አይበልጥም። በማኅበራዊ ዋስትና ያልታቀፈ ሠራተኛ ደግሞ ለእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ የአገልግሎት ክፍያ ያገኛል፤ ስሌቱም በመጨረሻው ደመወዙ ላይ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። በኮርማክሳር በሚገኝ አንድ ምግብ ቤት በወር 90,000 ሪያል እየተከፈለው አራት ዓመት ሙሉ የሠራ ወጥ ቤት ሠራተኛ አለ እንበል። በወሩ 12ኛ ቀን፣ ያለ ምንም ምክንያትና ማስጠንቀቂያ «ኸላስ» ተባለ፤ ከዓመት ፈቃዱም 20 ቀን አልወሰደም። የቀን ደመወዙ 3,000 ሪያል ነው። ለሠራባቸው 12 ቀናት 36,000፣ ለማስጠንቀቂያው አንድ ወር 90,000፣ ላልወሰደው ፈቃድ 60,000፣ ለአራት ዓመት አገልግሎት 360,000 ሪያል ይሰላለታል። ድምሩ 546,000 ሪያል ነው። ስንብቱ ያለ በቂ ምክንያት መሆኑ ከተረጋገጠ ደግሞ እስከ 540,000 ሪያል የሚደርስ ካሳ ሊጨመርለት ይችላል። ይህ ሰው በተለመደው አሠራር ግን 36,000 ሪያሉን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ያውም ከተሰጠው። በሁለቱ አኃዞች መካከል ያለው ልዩነት አንድ ቤተሰብን ለወራት የሚያኖር ነው።

ከገንዘቡ ሌላ የሥራ ልምድ ማስረጃ መጠየቅም አይዘንጋ። በተለይ ወደ አገር ቤት ለሚመለስ ወጥ ቤት ሠራተኛ፣ ብየዳ ሠራተኛ ወይም የሆስፒታል ረዳት፣ በማኅተም የተረጋገጠ የአራት ዓመት ልምድ ራሱን የቻለ ሀብት ነው። ፓስፖርትም እንዲሁ። ፓስፖርት የሰጠው መንግሥት ንብረት ሲሆን የመያዝ መብት ያለው ባለቤቱ ነው፤ አሠሪ እንደ መያዣ ሊያስቀምጠው አይገባም።

በሰው ቤት ያለች ሠራተኛ

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ በሰው ቤት ተቀጥራ ለምታድር ሠራተኛ በቀጥታ አይሠራም። ስምንት ሰዓት፣ 30 ቀን ፈቃድ፣ የስድስት ወር ካሳ የሚሉት ድንጋጌዎች ደጃፉ ላይ ይቆማሉ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 የቤት ሠራተኞችን የሚመለከት ስምምነት ቁጥር 189 አውጥቷል፤ የመን ግን አላጸደቀችውም።

ይህ ማለት ግን መብት አልባ ናት ማለት አይደለም። የተስማማችበት ደመወዝ ዕዳ ነው። የመን እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣችው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 14 ውልን የሚመለከቱ ድንጋጌዎች ስላሉት፣ ያልተከፈለ ደመወዝ በመደበኛ ፍርድ ቤት ሊጠየቅ ይችላል። ድብደባ፣ አስገድዶ መድፈር፣ ቆልፎ ማስቀመጥና ንብረት መንጠቅ ደግሞ የሥራ ሕግ ቢኖርም ባይኖርም ወንጀሎች ናቸው። የሥራ ሕጉ አለመድረስ ቤቱን ከወንጀል ሕግ ውጭ አያደርገውም።

ሕጉ ያልሰጣትን ውሉ ሊሰጣት ስለሚችል፣ ለቤት ሠራተኛ ከሌሎች ሁሉ ይልቅ ውል ያስፈልጋታል። ወደ ቤቱ ከመግባቷ በፊት፣ የመደራደር ኃይሏ ገና ባልተዳከመበት ሰዓት፣ ደመወዙና የገንዘቡ ዓይነት፣ የክፍያው ቀን፣ የሳምንት ዕረፍት ቀን፣ የሌሊት ዕረፍት፣ የስልክ አጠቃቀም፣ ሕክምና በማን ወጪ እንደሚሆን፣ ስትሰናበት ስንት ቀን አስቀድሞ እንደሚነገራት በጽሑፍ፣ ካልሆነም በምስክር ፊት ወይም በድምፅ መልእክት ቢረጋገጥ ጥሩ መሠረት ይኖራታል። ደላላው ፊት የተደረገ ስምምነት ከሆነ ደላላውም ምስክር ነው፤ ስሙንና ስልኩን መያዝ ያስፈልጋል። ደመወዝ «ይጠራቀምልሽ» የሚባለው ልማድ ብዙዎችን የጎዳ በመሆኑ በየወሩ መቀበልና ለቤተሰብ መላክ ወይም ለታመነ ሰው መስጠት ይሻላል። ለአሥር ወር የተጠራቀመ ደመወዝ ሠራተኛዋን ከምትጠላው ቤት ጋር የሚያስር ሰንሰለት ይሆናል፤ ስትወጣ የምታጣው እየበዛ ይሄዳልና።

አቤቱታ

በሥራ ሕጉ ለተሸፈነ ሠራተኛ መንገዱ የሚጀምረው ከአሠሪው ጋር በሚደረግ ንግግር ነው። ካልተሳካ የማኅበራዊ ጉዳዮችና የሥራ ሚኒስቴር ቅርንጫፍ፣ ሠራተኛው «መክተብ አል-ዓመል» ብሎ የሚያውቀው ጽሕፈት ቤት፣ ጉዳዩን ተቀብሎ ለማስማማት ይሞክራል። እዚያም ካልተፈታ ወደ ሥራ ክርክር ግልግል ኮሚቴ ያመራል። በጦርነቱ ዓመታት የእነዚህ ተቋማት አሠራር እየተደነቃቀፈ ስለመጣ ትዕግሥትና ተደጋጋሚ ምልልስ ይጠይቃል። አቤቱታው አጭር፣ ቀንና መጠን የያዘ ሆኖ በዐረብኛ መቅረብ አለበት፤ የቀረበበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም ወይም ፊርማ በቅጂው ላይ ማስደረግም ተገቢ ነው።

ብዙ ሠራተኞች ወደ መንግሥት ጽሕፈት ቤት ለመሄድ የሚፈሩት የመኖሪያ ወረቀት ስለሌላቸው ነው፤ ፍርሃቱም መሠረት የሌለው አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው በመጀመሪያ የአገሩን ሰው ሽማግሌዎች፣ ዐረብኛ በሚገባ የሚናገርና በሰፈሩ የተከበረ ሰው ይዞ አሠሪውን ቢያነጋግር ይመረጣል። የሰፈር ሽማግሌ፣ «ዓቅል» የሚባለው፣ በኤደን ሰፈሮች ተሰሚነት አለው። ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በኤደን ቢሮ አላቸው፤ በተለይ ጥቃት ለደረሰባት ሴትና ለታዳጊ ልጅ ጥበቃና ምክር የሚገኝባቸው ናቸው።

ከመመለስ በፊት

ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት በፈቃዳቸው ወደ አገራቸው የሚመለሱ ኢትዮጵያውያንን ከኮርማክሳሩ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ ሲያጓጉዝ ቆይቷል። በዚህ መንገድ የሚመለስ ሰው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ ቢጀምር የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሲሆን ቁጥሮቹ ከየመኑ ይለያሉ። የማስጠንቀቂያው ጊዜ ሙከራውን ጨርሶ እስከ አንድ ዓመት ለሠራ አንድ ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ለሠራ ሁለት ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ለሠራ ሦስት ወር ነው። ያለ አግባብ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው ለመመለስ ክስ ማቅረብ ያለበት በሦስት ወር ውስጥ ነው፤ የደመወዝና የመሳሰሉት ክፍያዎች ጥያቄ በስድስት ወር ይታገዳል። እነዚህ ቀነ ገደቦች ግን ኤደን ውስጥ በቀረ ሒሳብ ላይ አይሠሩም፤ የኤደኑ ሒሳብ በኤደን ሕግ ይጠየቃል።

አውሮፕላን ላይ ከወጡ በኋላ ከአዲስ አበባ ሆኖ የኮርማክሳርን አሠሪ መክሰስ እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ ያልተከፈለ ደመወዝ ያለው ሠራተኛ የመመለሻ ምዝገባውን ሲያካሂድ ጉዳዩን ለሚመዘግቡት ሠራተኞች አስቀድሞ ይንገር፤ ከበረራው በፊት አሠሪውን ለማነጋገር ጊዜ እንዲኖር። ክፍያው በዚያ ጊዜ ካላለቀ በኤደን ለሚቀር የታመነ ሰው በሕግ በተፈቀደለት ሰነድ አረጋጋጭ ፊት ውክልና መስጠት ይቻላል። በውክልናው ላይ የአሠሪው ሙሉ ስም፣ የሥራው ቦታ፣ የተሠራበት ጊዜ፣ የሚጠየቀው ገንዘብ መጠንና ዓይነት መጠቀስ ይኖርበታል፤ ወኪሉ ገንዘቡን ተቀብሎ ደረሰኝ መስጠት እንደሚችልም በግልጽ ይጻፍ፤ አለዚያ አሠሪው «ለአንተ እንድከፍል አልተፈቀደልህም» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። የማስረጃዎቹ ዋና ቅጂ ከወኪሉ ጋር ይቀራል፤ ፎቶግራፋቸውን ተመላሹ ይዞ ይሄዳል።